በካርድ የሚወረስ ስም
ስለ ሰርጂንግ ኦስሜኛ የፖለቲካ ሕይወትና ስለ እሱ ስለተጻፉ ሁለት ሥራዎች

የፊሊፒንስ መራጭ እስከ 2010 ምርጫ ድረስ በካርዱ ላይ ምልክት አያደርግም፤ ስም ይጽፍ ነበር። ከፕሬዚዳንቱ አንሥቶ እስከ ከተማው ምክር ቤት አባል ድረስ የሚፈልጋቸውን ሰዎች ስም በባዶው መስመር ላይ በገዛ እጁ ማስፈር ነበረበት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።) እስከ 1973 ሕገ መንግሥት ድረስማ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ጨርሶ መራጭ መሆን አይፈቀድለትም ነበር። ድምፅ ቆጣሪ ማሽን ከመጣ ወዲህ የዕጩዎቹ ስም ታትሞ ይቀርባል። ከዚያ በፊት ግን ስሙ በመራጩ ራስ ውስጥ ያልገባ ዕጩ፣ የቱንም ያህል ቅንና ብልህ ቢሆን፣ ቀን አይወጣለትም ነበር። እንግዲህ በዚያ አገር ፖለቲካ ከሁሉ አስቀድሞ የስም ጉዳይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቶሎ አይገባንም። የእኛ ስም በየትውልዱ ይፈርሳል። ልጅ በአባቱ፣ አባት በአያት ስም ይጠራል፤ አራተኛው ትውልድ ላይ ሲደረስ የመጀመሪያው ሰው ስም ከመታወቂያ ወረቀት ወጥቶ ወደ ሽማግሌዎች ትዝታ ይገባል። ትውልድ መቁጠር የሚያውቅ ካልነገረን በቀር የማን የልጅ ልጅ ማን እንደሆነ ከስሙ ብቻ አንለይም። ፊሊፒንስ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ1849 የስፔኑ አገረ ገዥ ናርሲሶ ክላቬሪያ በፊደል ተራ የተዘጋጀ የስም መዝገብ አውጥቶ፣ የቤተሰብ ስም ያልነበረው ሁሉ ከመዝገቡ እየመረጠ እንዲይዝና ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፈ እንዲኖር አዘዘ። ዓላማው ግብር ከፋዩን ለይቶ ማወቅ ነበር። ለግብር ተብሎ የጸና የስም ሥርዓት ቆይቶ ከመሬትና ከገንዘብ ያላነሰ ርስት ሆነ። በዚያ ላይ የእናትየው ቤተሰብ ስም በመሀል ስለሚገባ፣ አንድ የፊሊፒንስ ፖለቲከኛ ሙሉ ስሙን ሲናገር የሁለት ቤቶችን ጋብቻ አብሮ ያውጃል።

ይህን ሁሉ ማንሣቴ ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን አድርጌ ካነበብኩ ወዲህ ከአእምሮዬ ያልወጣ አንድ ጥያቄ ስላለ ነው። ሕዝብ በነጻ ካርድ የአባቱን ልጅ፣ ቀጥሎም የልጁን ልጅ የሚመርጥ ከሆነ፣ የተመረጠው ሰው ባላባት ነው ወይስ እንደራሴ? የመረጠውስ ሕዝብ ዜጋ ነው ወይስ ጭሰኛ?

መጻሕፍቱና ጸሐፊዎቹ

የመጀመሪያው ሥራ ሬሲል ሞሃሬስ በ1986 ሴቡ ውስጥ ያሳተመው የሕይወት ታሪክ ነው። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ፕሬዚዳንት ሊሆን የነበረው ሰው» ማለት ሲሆን፣ ስለ ሰርጂዮ ኦስሜኛ ልጅ፣ አገሬው ሰርጂንግ እያለ ስለሚጠራው ሰው ይተርካል። ርዕሱን ያየ አንባቢ በሩቅ አገር ለጥቂት ጊዜ ነግሦ ስለወደቀ ጀብደኛ የሚያወራውን የኪፕሊንግን አጭር ልብ ወለድ ሳያስታውስ አይቀርም። ሁለተኛው ያው ሞሃሬስ ስለ ኦስሜኛ ቤተሰብ ሦስት ትውልዶች የጻፈው ጥናት ነው፤ የወጣውም በአሜሪካዊው የታሪክ ምሁር በአልፍሬድ ማኮይ አዘጋጅነት በ1993 በታተመው «የቤተሰቦች ሥርዓተ አልበኝነት» በተሰኘው ስብስብ ውስጥ ነው።

ሞሃሬስ የፖለቲካ ሳይንስ መምህር አይደለም፤ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነው። የፊሊፒንስ ልብ ወለድ ከየት ተነሥቶ እንዴት እንዳደገ ያጠና፣ በሳን ካርሎስ ዩኒቨርሲቲ የሴቡ ጥናት ማዕከልን ከምሥረታው ጀምሮ የመራ፣ በ2018 አገሩ ከፍተኛውን የኪነ ጥበብ ማዕረግ የሰጠችው ምሁር ነው። ስለዚህም አንድን ፖለቲከኛ እንደ አንድ የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ፣ ምርጫንም እንደ ተውኔት ሊያነብ ይችላል። የሥራው ጉልበትም፣ እንደምናየው ጉድለቱም፣ ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

ሽማግሌው

ሰርጂንግን ለማወቅ አባቱን ማወቅ ግድ ነው። ሰርጂዮ ኦስሜኛ በ1878 ሴቡ ከተማ ተወለዱ። በ1900 በዚያው ከተማ ጋዜጣ አቋቋሙ፤ በ1906 የሴቡ አገረ ገዥ ሆነው ተመረጡ፤ በ1907 የመጀመሪያው የፊሊፒንስ ሕዝባዊ ሸንጎ ሲከፈት በ29 ዓመታቸው አፈ ጉባኤ ሆኑ። ቅኝ ገዥዋ አሜሪካ በከፈተችው ጠባብ በር ገብተው፣ ከማኑኤል ኬሶን ጋር አንድ ጊዜ እየተባበሩ አንድ ጊዜ እየተፎካከሩ፣ የአገሪቱን ፖለቲካ ለአራት ዐሥርት ዓመታት ያህል ዘወሩ። ኬሶን በነሐሴ 1944 ሲሞቱ ፕሬዚዳንትነቱ ለእሳቸው ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ከጄኔራል ማክአርተር ጋር ሌይቴ ደሴት ላይ የወረዱትም እሳቸው ነበሩ።

በ1946 ምርጫ ከማኑኤል ሮሃስ ጋር ሲወዳደሩ ግን ለቅስቀሳ አልወጡም። ሕዝቡ የአርባ ዓመት አገልግሎቴን ያውቃል፣ ምን ልጨምርለት? የሚል ነበር አቋማቸው። ተሸነፉ። ወደ ሴቡ ተመልሰው በ1961 እስኪሞቱ ድረስ በክብር ተቀመጡ።

እኔ በዚህ ሽንፈት ውስጥ የልጁን ሕይወት ቁልፍ አያለሁ። አባት ስም ብቻውን ይበቃል ብለው ወደቁ። ልጅ ስም እንደ እርሻ ካልታረሰና ካልታረመ እንደማያፈራ ከአባቱ ውድቀት የተማረ ይመስለኛል።

ልጁ

ሰርጂንግ በ1916 ተወለደ። ከኢሎይሎ የመርከብ ነጋዴዎች ከዴ ላ ራማ ቤት ሚስት አገባ፤ የፖለቲካ ስምና የባሕር ንግድ ገንዘብ አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። ጃፓን ፊሊፒንስን በያዘችበት ዘመን ግን አባቱ ከስደተኛው መንግሥት ጋር አሜሪካ ሳሉ፣ እሱ ከጃፓን ሠራዊት ጋር ነገደ። ወንድሙን ዶክተር ኤሚሊዮን ያው የጃፓን ሠራዊት ገደለው። ከአንድ አባት ልጆች አንዱ ሰማዕት፣ ሌላው በእኛ አነጋገር ባንዳ ተባለ ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሰርጂንግ ተከሰሰ፤ ክሱ በሕግ ቢዘጋም ስሙን እንደ ጥላ ተከትሎት ኖረ።

በ1951 ለሴቡ አገረ ገዥነት ተወዳድሮ አሸነፈ። በዚያን ጊዜ ክፍለ ሀገሩን ይገዛ የነበረው የኩዌንኮ ቤት ነበር፤ አባት በማኒላ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሊቀ መንበር፣ ልጅ በሴቡ አገረ ገዥ። ሰርጂንግ ይህን ቤት ገርስሶ የአባቱን ወንበር መለሰ። ከዚያ በኋላ ያለው የሹመት ዝርዝሩ ሲነበብ ያደክማል፤ የሴቡ ከተማ ከንቲባ፣ በ1957 የሕዝብ እንደራሴ፣ እንደገና ከንቲባ፣ በ1961 ፓርቲ አልባ ሆኖ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተወዳዳሪ፣ እንደገና ከንቲባ፣ ከ1965 ጀምሮ ሴናተር። ከናሲዮናሊስታ ወደ ሊበራል ፓርቲ ሲሻገርም ደጋፊው ብዙ ግር አላለውም። የሚከተለው ፓርቲውን ሳይሆን ስሙን ነበረና።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ቀን ነጥዬ ባወራ እወዳለሁ። ሰኔ 23 ቀን 1960 ሰርጂንግ በእንደራሴዎች ምክር ቤት ተነሥቶ ለፕሬዚዳንት ካርሎስ ጋርሲያ የተላከ መልእክት ነው ያለውን ንግግር አሰማ። «መልእክት ለጋርሲያ» የሚለው አርእስት ራሱ የታወቀ የአሜሪካ ድርሰት ርዕስ መሆኑን የተማረው አድማጭ ሁሉ ያውቃል። ይዘቱም ፕሬዚዳንቱ ጉቦ ይቀበላል የሚል ክስ ነበር። ምክር ቤቱ ማስረጃ አምጣ አለው፤ አላቀረበም፤ ለ15 ወራት ከመቀመጫው ታገደ። ጉዳዩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት ጥቅምት ምክር ቤት አባሉን የመቅጣት ሥልጣን አለው ሲል ወሰነ። ኦስሜኛ ከፔንዳቱን የተባለው ይህ ፍርድ ስለ እንደራሴዎች የመናገር መብት በሚነሣ ክርክር ሁሉ ይጠቀሳል።

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ የሚያየው ምንድን ነው? ሰውየው በፍርድ ቤት ተረታ፤ በምክር ቤት ተቀጣ። በዓመቱ ግን ያለ ፓርቲ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ፣ ከሦስቱ ዕጩዎች ከኢማኑኤል ፔላኤስ በመቶኛ ሦስት ያህል ብቻ አንሶ ሁለተኛ ወጣ። ከማኒላ በቀጥታ የተሰነዘረበት ቅጣት በሴቡ ሰው ዓይን ጀግና አደረገው። ክሱ እውነት ይሁን ሐሰት ማንም አልመረመረም። አንዱ ተናገረ፣ ሌላው ቀጣ፣ ሕዝቡም አጨበጨበ።

መድረኩ ወይስ መሣሪያው?

የማኮይ ስብስብ አጠቃላይ ክርክር ቀላል ነው። የፊሊፒንስ መንግሥት ደካማ ነው፤ ቤተሰቦቹ ጠንካሮች ናቸው። መንግሥት ፈቃድ፣ ብድር፣ ሞኖፖሊና የቀረጥ ምሕረት ያድላል፤ ቤተሰቦቹ ደግሞ በምርጫ አማካይነት የእደላውን በር ይይዛሉ። ደረቅ ጉልበት ባለበት ቦታ ደግሞ ጠመንጃው ይጨመራል። በመጽሐፉ ውስጥ ይህን የሚያስረዱ ሰዎች ሞልተዋል። ከሴቡ ከተማ በስተ ሰሜን የዳናኦው ራሞን ዱራኖ አለ፤ ከተማይቱ በእጅ በሚሠራ ጠመንጃ የታወቀች፣ እሱም በሲሚንቶ ፋብሪካና በስኳር የበለጸገ ጌታ ነው። ከሚንዳናኦ ደሴት ደግሞ ሙስሊሙ የላናኦ ገዥ አሊ ዲማፖሮ አለ። እነዚህን ሰዎች የሚያነብ ሁሉ «ገባኝ፤ ሕዝቡ የሚመርጣቸው ፈርቶ ነው» ብሎ መጽሐፉን ሊከድን ይችላል።

የሞሃሬስ ሥራ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ኦስሜኛዎች እንደ ዱራኖ አይደሉም። ሴቡ ከተማ ነጋዴ፣ ተማሪ፣ ጋዜጠኛና ጠበቃ የሞላባት ወደብ ናት፤ በጠመንጃ ብቻ አትገዛም። ሞሃሬስ እንደሚያየው የዚህ ቤተሰብ ኃይል ሕዝቡ ስለ ምን እንዲያወራ፣ በምን እንዲቆጣ፣ በማን እንዲስቅ መወሰኑ ላይ ነው። ምርጫ ትልቅ ትዕይንት ይሆናል፤ አደባባዩ ይሞላል፤ ሁለት ወገን ይፋለማል፤ ተመልካቹም የዕድሉ ባለቤት እሱ እንደሆነ እያመነ ወደ ቤቱ ይገባል። ማታ መብራቱ ሲጠፋ ግን በመድረኩ ላይ የነበሩት ሁሉ የአንድ መደብ ሰዎች እንደነበሩ ማን ልብ ይላል?

ይህን ንባብ እኔ እቀበለዋለሁ፤ ግን እስከ መንገዱ እኩሌታ ድረስ ብቻ ነው። ተውኔት ያለ ተመልካች አይቆምም። ከሁለቱም ሥራዎች አብልጬ ልሰማው የፈለግኩት የተመልካቹን ድምፅ ነበር። ምርጫውን ተውኔት ብለን ከሰየምን በኋላ መራጩን የተታለለ ተመልካች አድርገን ማስቀመጥ ለእኛ ለጸሐፊዎች ይቀለናል፤ የምናውቀው ወንበር ነውና። የሴቡ የወደብ ተሸካሚ ግን ቲያትር ቤት የገባ ሰው አይደለም። ልጁ ታሞ ሆስፒታል አልጋ ሲያጣ፣ እናቱ ሞታ የቀብር ወጪ ሲያንሰው፣ የወንድሙ ልጅ ሥራ ሲፈልግ ወደ ማን ይሂድ? ወደ ሕጉ ቢሄድ ሕጉ ሩቅ ነው፤ ወደ ቢሮው ቢሄድ ቢሮው ነገ ና ይለዋል። የታወቀው ቤት ግን አድራሻው አይለወጥም። እዚያ ደጅ ይጠናል። ፖለቲከኛውም ለሠርግ፣ ለክርስትናና ለለቅሶ ይመጣል፤ የክርስትና አባት ሆኖ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ዝምድናው የምርጫ ብቻ አይደለም። ደጅ መጥናት ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

ስለዚህ ያ መራጭ በባዶው መስመር ላይ «ኦስሜኛ» ብሎ ሲጽፍ የሚያውቀውን አድራሻ መጻፉ ነው እንጂ ሕልም ማየቱ አይደለም። ፍርሃትም ብቻ፣ ትዕይንትም ብቻ አይደለም። ሂሳብ ነው። ሂሳቡ ልክ ነው አልልም፤ ሂሳብ መሆኑን ካልተረዳን ግን የምንጽፈው ሂስ ሁሉ ድሀውን መስደብ ይሆናል።

ጀግናውና ባንዳው

የሰርጂንግ ሕይወት ጫፍ የ1969ኙ ምርጫ ነው። የሊበራል ፓርቲ ዕጩ ሆኖ በሥልጣን ላይ ከነበረው ፈርዲናንድ ማርኮስ ጋር ገጠመ። ማርኮስ የመንግሥቱን ካዝና ከፍቶ ቀሰቀሰ፤ ወጪው ኢኮኖሚውን አናግቶ በ1970 መጀመሪያ ፔሶ ዋጋዋን አጣች። ይህ ብቻ አልነበረም። የማርኮስ ወገን አንድ ቀላል ታሪክ ለሕዝቡ አቀረበ። አንደኛው ዕጩ በጦርነቱ ጊዜ ከጠላት ጋር የነገደ፣ ሌላው ደግሞ በዱር በገደል የተዋጋ ባለ ብዙ ሜዳይ አርበኛ ነው ተባለ። ማርኮስ ከ5 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ሲያገኝ ሰርጂንግ 3 ነጥብ 1 ሚሊዮን ያህል ብቻ አገኘ። በጠመንጃም፣ በወሮበላም፣ በወርቅም በለጡን ማለቱ ይነገርለታል።

የዚህን ምርጫ ፍርድ የለወጠው ወረቀት የተገኘው ከ17 ዓመታት በኋላ ነው። ያገኘውም ይኸው የስብስቡ አዘጋጅ አልፍሬድ ማኮይ ነበር። በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ የጦር ሠራዊቱን ፋይሎች ሲመረምር፣ ማርኮስ መራሁት የሚለውን የሽምቅ ተዋጊ ክፍል ሠራዊቱ ከጦርነቱ በኋላ አጣርቶ ውሸት ነው ብሎ ውድቅ እንዳደረገው አነበበ። ጥር 1986 ኒው ዮርክ ታይምስ አወጣው። በሚቀጥለው ወር ማርኮስ ከአገር ሸሸ። እንግዲህ በ1969 የፊሊፒንስ ሕዝብ እንዲመርጥ የቀረበለት ባንዳ በተባለ ባለስምና በወረቀት በተሠራ ጀግና መካከል ነበር። ባለስሙ ቢያንስ ጥፋቱ የታወቀ ነበር። ለጀግናው የተጻፈለት ታሪክ ግን ሥልጣን ላይ እስካለ ድረስ ይህን ያህል የጠየቀው አልተገኘም።

ከዚህ ወዲያ ያለው አጭርና ጨለማ ነው። ነሐሴ 21 ቀን 1971 ማኒላ ውስጥ፣ በኪያፖ ቤተ ክርስቲያን ፊት ባለው በፕላዛ ሚራንዳ አደባባይ፣ ሊበራል ፓርቲ ለሴናተርነት ያጫቸውን ሰዎች ለሕዝብ ሲያስተዋውቅ ሁለት የእጅ ቦምቦች ወደ መድረኩ ተወረወሩ። ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ፤ አንድ መቶ ያህል ቆሰሉ። ሰርጂንግ ክፉኛ ቆሰለ፤ የወንድሙ ልጅ ጆንም ከቁስለኞቹ አንዱ ነበር። በመስከረም 1972 ማርኮስ የጦር ሕግ አወጀ። ሰርጂንግ በአሜሪካ በስደት ቀረ። ልጁ ሰርጂዮ ሦስተኛ ማርኮስን ለመግደል አሲሯል ተብሎ ታሰረ፤ በጥቅምት 1977 ከባለጸጋው ከኢዩጄኒዮ ሎፔዝ ልጅ ጋር ከፎርት ቦኒፋሲዮ ወታደራዊ እስር ቤት አምልጦ ወጣ። በ1995 ይህንኑ ማምለጥ የሚተርክ «ኤስካፖ» የተባለ ፊልም ተሠርቷል። ሰርጂንግ አገሩን ዳግመኛ በነጻነት ሳያይ በ1984 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሞተ።

የልጅ ልጆቹ

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ የኀዘን ድራማ ይሆን ነበር። ግን አላበቃም። ማርኮስ በወደቀ በማግስቱ የሽማግሌው የልጅ ልጆች ከየነበሩበት ብቅ አሉ። ጆን በ1987 ሴናተር ሆነ። በጥር 1988 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ የሰርጂንግ ልጅ ቶማስ የሴቡ ከተማ ከንቲባ፣ በጃፓኖች የተገደለው የዶክተር ኤሚሊዮ ልጅ፣ ሌላው ኤሚሊዮ፣ የሴቡ አገረ ገዥ ሆነ። እስር ቤት ያመለጠውም ሰርጂዮ ሦስተኛ በ1995 ሴናተርነቱን ያዘ። አምባገነኑ ያፈረሰው ዴሞክራሲ ሲመለስ ያው ቤት አብሮት ተመለሰ።

አገረ ገዥው ኤሚሊዮ በ1998 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረበት የራሱ ፓርቲ «ፕሮምዲ» ይባል ነበር። ሲተነተን «ክፍለ ሀገር ይቅደም» ለሚል መርሕ ምህጻረ ቃል ነው፤ በተራው የማኒላ አነጋገር ግን ከገጠር የመጣን ሰው መቀለጃ ስድብ ነው። የሦስት ትውልድ ጌታ በስድብ ስም ራሱን እንደ ባላገር አቅርቦ ድምፅ ጠየቀ። ሞሃሬስ የሚለው የመድረክ ጥበብ ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በሀገር አቀፍ ውጤት ግን አራተኛ ወጣ። የሴቡ ስም ከሴቡ ባሕር ሲሻገር ዋጋው እንደሚቀንስ ከአጎቱ በኋላ እሱም አየው።

ይሁንና እዚህ ላይ ሚዛን መያዝ አለብኝ። እነዚህ ሰዎች ሠርተዋል። ሰርጂንግ በ1960ዎቹ ከንቲባ ሳለ ከከተማው በስተ ሰሜን ባሕሩን አስሞልቶ 160 ሄክታር ያህል መሬት አስገኘ፤ ዛሬ ገበያና የንግድ ቤት የሞላበት ሠፈር ነው። ልጁ ቶማስ በበኩሉ በደቡብ በኩል ከጃፓን በተገኘ ብድር 300 ሄክታር ያህል ባሕር አስሞላ፤ ዕዳው የከተማውን አስተዳደር ለዓመታት ያከራከረ ቢሆንም መሬቱ አለ። በሁለቱ የአጎት ልጆች ዘመን ሴቡ ባሳየችው ዕድገት ሰዎች የከተማዋን ስም ከፍንዳታ ጋር እያጋጠሙ «ሲቡም» ይሏት ነበር። ሌባና ገዳይ ብቻ ናቸው ብሎ ማለፍ ታሪክን ማዛባት ነው።

የ1987ቱ የፊሊፒንስ ሕገ መንግሥት መንግሥት የፖለቲካ ሥርወ መንግሥትን «በሕግ በሚደነገገው መሠረት» ይከለክላል ይላል። ሕጉን ማውጣት የነበረባቸው ግን በምክር ቤቱ የተቀመጡት የነዚያው ቤቶች ልጆች ናቸው። ለወጣቶች ምክር ቤት ዕጩዎች ብቻ የሚሠራ ገደብ በ2016 ሲወጣ ከዚያ በፊት በነበሩት 29 ዓመታት ያህል ምንም አልነበረም። አንድ ሰው በአንድ ወንበር ላይ በተከታታይ ከሦስት ዙር በላይ እንዳይቀመጥ የሚከለክለው ደንብም በየክፍለ ሀገሩ ሚስትንና ልጅን ወደ ወንበሩ ማምጫ ሆነ። የሴቡ ሰው ግን ሁልጊዜ እሺ አላለም። ቶማስ በ2019 በከንቲባነት ምርጫ ተሸነፈ፤ በ2022 ሚስቱ ተወዳድራ አላሸነፈችም። በ2025 ደግሞ እሱ ራሱ በምክትል ከንቲባነት ተመለሰ። በዚያው በ2022 ማኒላ ላይ የማርኮስ ልጅ የአባቱን ወንበር ወርሷል።

ደጉ ወራሽ

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ስለ እንደነዚህ ዓይነት ቤተሰቦች የሚጻፈው ሂስ አብዛኛውን ጊዜ ክፉውን ወራሽ እያደነ ይውላል። መሬት ቀማኛውን፣ ገዳዩን፣ ካዝና ዘራፊውን። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ክፉ ወራሽ ራሱን በራሱ ያጋልጣል፤ ሕዝቡን ያስቆጣል፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይወጣበታል። በእኔ እምነት ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው ደጉ ወራሽ ነው። ደጉ ወራሽ ባሕር ያስሞላል፤ መንገድ ያስጠርጋል፤ ለቅሶ ይደርሳል። የሕዝብ ገንዘብና የሕዝብ ጉልበት የሠራውን መሬት ሕዝቡ «የኦስሜኛ ሥራ» ብሎ ይጠራዋል። በዚህች አንዲት አነጋገር ውስጥ ስጦታው ተገላቢጦሽ ይሆናል፤ ሰጪው ተቀባይ፣ ተቀባዩ ሰጪ ይመስላል። ቀጣዩ ምርጫ ሲመጣም መራጩ ባለ ዕዳ ሆኖ ይቀርባል። ክፉው ወራሽ ያስለቅሳል፤ ደጉ ወራሽ ያስተኛል።

ስለዚህ የአንድን ወራሽ ፖለቲከኛ ሥራ በሠራው ድልድይና በሞላው ባሕር ብቻ መመዘን አይበቃም። እሱ ሲሄድ ምን ይቀራል? ተብሎ መጠየቅ አለበት። ያ የወደብ ተሸካሚ ለልጁ የሆስፒታል አልጋ ማንንም ደጅ ሳይጠና የሚያገኝበት ቢሮ ትቶለት ሄዷል? ወይስ የሚጠናውን ደጅ ብቻ ለልጁ አውርሶ ሄደ? በዚህ ሚዛን ሰርጂንግ ኦስሜኛ፣ ለዘመናት የሚቆይ መሬት ያስገኘው ሰው፣ ለሴቡ ድሀ ከስሙ ሌላ አድራሻ የተወለት አይመስለኝም። እሱ ብቻ አይደለም፤ ያሸነፋቸው ኩዌንኮዎችም፣ ያሸነፈው ማርኮስም አልተዉም።

የሞሃሬስ መጽሐፍ ትልቅ ዋጋ ይህን ሰው ጭራቅ አለማድረጉ ነው። አንብቤ ስጨርስ ሰርጂንግን አልጠላሁትም፤ እንዲያውም አዝኜለታለሁ። ፕሬዚዳንት የነበሩ አባት ልጅ ሆኖ ሕይወቱን ሁሉ ወደዚያች አንዲት ወንበር ሲሮጥ ኖረ፤ ያደረሰው ስም ራሱ አስቀረው። ለማኒላ ብዙ ክፍለ ሀገሬ፣ ለአርበኛ ባንዳ፣ ለታሪክም የአባቱ ልጅ ነበር። የማኮይ ስብስብ ደግሞ ከአንድ ሰው ኀዘኔታ አውጥቶ ሥርዓቱን ያሳየናል። ሁለቱ ተጋግዘው ካልተነበቡ አንዱ ልብ ብቻ፣ ሌላው አጥንት ብቻ ይሆናል።

የጎደለውን ሦስተኛ መጽሐፍ የሚጽፈው ግን ስለ ኦስሜኛዎች የሚጽፍ አይሆንም። ባዶው መስመር ላይ ያን ስም ስለጻፈችው ሴት፣ እርሳሱን ይዛ ለአፍታ ስላሰበችው ነገርና ሌላ የምትጽፈው ስም ለምን እንዳጣች የሚጠይቅ ይሆናል። ያ መጽሐፍ ሲወጣ፣ በሴቡ ቋንቋም ቢሆን በማኒላ፣ አስተርጓሚ ፈልጌ አነበዋለሁ።